የባዩሽ ግራ እጅ

ባዩሽ አዲስ ቅባት እጇ ሲገባ መጀመሪያ አታሸተውም። ጠርሙሱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ታነባለች። ስዊድንኛው ሲያልቅ ፊንላንድኛውንም ታየዋለች፤ አንድ ቃል አይገባትም፣ ዘልሎ ማለፍ ግን አይሆንላትም። ከዚያ በክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ታደርግና ታድራለች። ካላሳከካት በማግስቱ ወደ ፊቷ ትወጣለች። ከሌላው ሰው የምትለየው እዚህ ላይ ነው፤ ባዩሽ ሙሉ ፊቷን ተቀብታ አታውቅም። የምትቀባው ግማሹን ብቻ ነው።

«ሙሉውን ከተቀባሁ ከምን ጋር ላስተያየው?» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። «ትናንት ፊትሽ ምን ይመስል ነበር ብትባይ ታስታውሻለሽ? አታስታውሽም። ግማሹ ሳይቀባ ከቀረ ግን ምስክር ሆኖ አጠገቡ ይቀመጣል።»

ነገሩን ረጋ ብላችሁ ስታስቡት ትክክል ነው። መድኃኒት የሚፈትኑ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለአንዱ ወገን ይሰጣሉ፣ ሌላውን ወገን ይተዋሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ያስተያያሉ። ልዩነቱ እነሱ ብዙ ሰው አላቸው፤ ባዩሽ ያላት አንዲት ባዩሽ ናት። ስለዚህ ራሷን ከአፍንጫዋ ላይ ለሁለት ከፈለች። ስቶክሆልም ውስጥ፣ ብሬዴንግ የምድር ባቡር ጣቢያ ላይ የሚያውቋት ሰዎች አንድ ሳምንት የቀኝ ጎን ፀጉሯ ተተኩሶ የግራው ተንጨፍሮ፣ ሌላ ሳምንት አንደኛው ቅንድቧ እንደ ክር ቀጥኖ ሌላው እንደ ተፈጥሮው ሆኖ ያዩዋታል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ግማሿ» ይሏታል። ስሙ ለሹፈት ይውጣ እንጂ፣ አዲስ ሻምፖ የገዛችም፣ የጥፍር ማጠንከሪያ ከአዲስ አበባ የተላከላትም፣ ራሷ ሳትነካው መጀመሪያ ወደ ባዩሽ ነው ይዛ የምትመጣው።

«እስኪ ይቺን ሞክሪልኝ» አለቻት አንድ እሑድ ደሚቱ። ደሚቱ ከኡፕላንድስ ቬስቢ ድረስ በባቡር የምትመጣ ወዳጇ ናት።

«አንቺስ ለምን አትሞክሪውም?»

«እኔማ ባል አለኝ። ፊቴ ቢላጥ የሚያየው ሰው አለ።»

«እኔንስ ሰው አያየኝም?»

«አንቺንማ ግማሽሽን ነው የሚያየው።»

ደሚቱ ያመጣችው ብልቃጥ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ነበር። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሳምንት ባዩሽ ከሥራ ቦታዋ ሌላ ብልቃጥ ይዛ መጥታለች። እዚያ አብረዋት የሚሠሩት ስዊድናውያን ሴቶች ገና በረዶው ሳይቀልጥ «ብሩን ኡታን ሶል» የሚሉትን፣ ያለ ፀሐይ የሚያጠይም ቅባት ይለቀለቃሉ። ባዩሽ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አሰበች። አንደኛዋ እኔን ለመምሰል ትደክማለች፤ ሌላዋ ያቺን ለመምሰል ትደክማለች። ማን አስተዋውቆ ያገናኛቸው?

የሚያጠይመው ቅባት አሠራር፣ ስታውቁት እጅግ ደስ ይላል። ዋናው ነገሩ የስኳር ዘመድ ነው። ከላይኛው የሞተ ቆዳ ጋር ሲገናኝ፣ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ቅርፊቱ በሚጠይምበት መንገድ ያጠይመዋል። ስለዚህ በዚህ ቅባት የጠየመች ሴት ፀሐይ አልነካትም፤ ተጋግራለች ማለት ነው። የሚያነጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳው ቀለም የሚያመርትበትን ሥራ ያስቆመዋል፣ ብዙ ጊዜም ቆዳውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። ባዩሽ አንዱን በቀኝ ጉንጯ፣ ሌላውን በግራ ጉንጯ ሞከረች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በቀኝ በኩል የተቀመጡት «ምነው ጠቆርሽ፣ አሞሽ ነው?» አሏት። በግራ በኩል ያሉት «ምነው ገረጣሽ፣ ደም አነሰሽ?» አሏት። ሁለቱም ወገን ለየብቻ ጸለዩላት። ግራ ጉንጯ መላጥ ሲጀምር የሚያነጣውን ክሬም ከደነችው፤ «ይቺን የነገረሽን ሰው ተጣይው» ብላ ለደሚቱ መልስ ሰጠች። ብልቃጡን ግን አልጣለችውም። ባዩሽ የሞከረችውን ነገር መጣል አትችልም።

እንዲህ የምትኖር ሴት በዓለም ላይ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ነው፤ የራሷ መታጠቢያ ቤት። ባዩሽ የሌላት ደግሞ እሱ ነበር። የምትኖረው ብሬዴንግ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ በእትዬ ተጂቱ ቤት አንዲት ክፍል በአንድራሃንድ ይዛ ነው፤ የቤቱ ውል የእትዬ ተጂቱ ነው፣ ባዩሽ የተከራይ ተከራይ ናት። እትዬ ተጂቱ ደግ ሰው ናቸው። የገባች ቀን መታጠቢያ ቤቱን ከፍተው ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ጠባብ መደርደሪያ አሳዩዋት።

«ይቺ ያንቺ ናት። ሌላው የእኔና የዝማሬ ነው። የሚንጠባጠብ ጠርሙስ አልወድም፣ አሁኑኑ ልንገርሽ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

መደርደሪያዋ ያልበቃችው የባዩሽ ሀብት ከአልጋዋ ሥር በሙዝ ካርቶኖች ውስጥ ይኖራል። የተማረችበትን ሁሉ፣ ያሳከካትን ሁሉ፣ እዚያ አከማችታዋለች። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ ገና አንዱን ጉንጯን ስትጀምር በሩ ይንኳኳል፤ የእትዬ ተጂቱ ልጅ ዝማሬ ናት። «አንድ ቀን» ትላለች ባዩሽ ካርቶኑን በእግሯ ወደ ውስጥ እየገፋች፣ «በሩን ዘግቼ፣ ግማሽ ፊቴን ተቀብቼ፣ ማንም ‹ገና ነሽ?› ሳይለኝ እስኪደርቅ እቀመጣለሁ።»

ወደዚያ በር የሚወስደው መንገድ ግልጽ ነበር። ለዓመታት የጠበቀችው የቤት ተራ ደርሷታል፤ አከራዩ ድርጅት ግን በስሟ ውል ከመፈራረሙ በፊት ቋሚ ሥራ ይጠይቃል። ባዩሽ ሁዲንጌ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተቀጥራለች፤ ቅጥሩ ግን ፕሮቭአንስቴልኒንግ የሚሉት፣ የሙከራ ነው። ስድስት ወር ያዩሻል፤ ከዚያ ወይ ትቀጥያለሽ ወይ ትሰናበቻለሽ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትሞክር የኖረች ሴት አሁን በተራዋ ተሞካሪ ሆነች። አዛውንቶቹ ይወዷታል፤ በተለይ ብሪታ የሚባሉት የዘጠና ዓመት አሮጊት፣ ጠዋት ፀጉራቸውን በቢጎዲን የምትጠቀልልላቸው ባዩሽ ካልሆነች አልነሳም ይላሉ። ችግሩ ጥፍሯ ነበር።

አረጋዊ የሚንከባከብ ሰው ቀለበትም፣ ሰዓትም፣ የጥፍር ቀለምም፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርም አይፈቀድለትም። ሕጉ ዝም ብሎ ክፋት አይደለም። የተለጠፈ ጥፍር ሥር እርጥበት ይገባል፣ እርጥበቱ ውስጥ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ቀለም ሲሰነጠቅም እንዲሁ። ባዩሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስላወቀችም ነው እውነት መሆኑን በራሷ ጣት ለማየት አንዲት ጥፍር ብቻ ለጥፋ ወደ ሥራ የሄደችው። የመኖሪያው ኃላፊ ጉኒላ ወዲያው አየች።

«ባዩሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥፍር ነው።»

«ጥፍር መሆኑንማ አያለሁ። ያንቺ ነው?»

«አራቱ የኔ ናቸው።»

ጉኒላ ፈገግ አለች። ስዊድን አገር አለቃ ሲቆጣ ድምፁ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። «አንድ ጥፍርም ጥፍር ነው» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለተኛ ባላይ ደስ ይለኛል። ስለ ቅጥርሽ በግንቦት መጨረሻዋ ሰኞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

እንግዲህ የዝማሬ ሠርግ የዋለው ከዚያች ሰኞ በፊት ባለችው ቅዳሜ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ 2008 ነው።

እትዬ ተጂቱ ልጃቸውን ያለ እንሶስላ አልድርም አሉ። የእንሶስላውን ሥር ከጎጃም አስመጥተው፣ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ሻንጣ አስልከውታል። ዝማሬ ስዊድን ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ጥፍሯን በነጭና በሮዝ ልታሠራ ቀጠሮ ይዛለች።

«ኔይ፣ ማማ!» አለች። የቀረውን በስዊድንኛ አዥጎደጎደችው፤ እጄ ቆሻሻ ይመስላል፣ ፎቶ ላይ ይወጣል፣ ምን እንደሚያደርግም አናውቅም።

«ምን ትላለች?» አሉ እትዬ ተጂቱ ወደ ባዩሽ ዞረው፤ የገባቸው ቢሆንም።

«ምን እንደሚያደርግ አናውቅም ነው የምትለው።»

«አያቶቿ ሁሉ የሞቁትን!»

ዝማሬ ትንሽ አሰበችና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። ይህን ለመተርጎም ባዩሽ አፈረች፤ «መጀመሪያ ባዩሽ ላይ ይሞከር» ነበር ያለችው። በዚያ ቤት ሻምፖው ሁሉ የሚጀምረው በባዩሽ ነው፤ ልጅቷ ሌላ ሥርዓት አታውቅም።

«እኔ እንኳ ሰኞ ቀጠሮ አለብኝ፣ እትዬ። እጄ ንጹሕ መሆን አለበት።»

«እንሶስላ እድፍ ነው እንዴ? ለእህትሽ ሠርግ እጅሽን ትነፍጊያለሽ?»

ባዩሽ ልትነፍግ አስባ ነበር። ሥሩ ሲከተከትና ሲፈጭ ግን ጠረኑ መጣ፤ ውስጧ ያለችው ሞካሪ ነቃች። ትንሿን ጣቷን ብቻ፣ የግራዋን፣ ነከረች። ጠዋት ጣቷ የወጣችው ፈዛዛ ብርቱካን ሆና ነው።

«ይሄ ምኑ እንሶስላ ነው?» አሉ እትዬ ተጂቱ። «ካሮት ስትልጪ ያደርሽ መሰልሽ እኮ!»

ባዩሽ ምክንያቱን ለማግኘት ተቀመጠች፤ በዚህ ጊዜ ያላት ደስታ የሠርገኛ ደስታ ነው። አንደኛ፣ ሥሩ መንገድ ላይ ደርቆ ደክሟል። ሁለተኛ፣ የተነከረውን እጅ የሚጠቀልሉበት የጉሎ ቅጠል ስቶክሆልም አይበቅልም። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እንሶስላ ሙቀት ይፈልጋል፣ የፎቁ ማሞቂያ ደግሞ ፀደይ ገባ ተብሎ ለሁሉም ቤት ተዘግቷል። ለደካማው ሥር ሎሚና የጠነከረ ሻይ ጨመረችበት። ለጉሎ ቅጠሉ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ተካች። ለሙቀቱ ጥቂት ስታሰላስል ቆየችና ምድር ቤት ወርዳ፣ የፎቁ ተከራዮች በተራ የሚጠቀሙበትን ባስቱ፣ ማለትም የእንጨቱን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ለሐሙስ ከሰዓት በእትዬ ተጂቱ ስም አስያዘች።

እጇንም ሰጠች። ካሮት የሚመስል ቀለም ያለው ነገር እስከ ሰኞ በሳሙና ይለቃል ብላ ነው። እንደ ልማዷም ግማሹን ብቻ፤ ግራ እጇን።

ሐሙስ ከሰዓት በዚያ ባስቱ ውስጥ የነበረውን ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿ፣ ደሚቱና እትዬ ተጂቱ እጅና እግራቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ የሱፍ ካልሲ ተደርጎ፣ በእንጨቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ምንም መንካት ስለማይችሉ ላባቸውን እየዞረች የምትጠርግላቸው፣ ቀኝ እጇ ነጻ የሆነችው ባዩሽ ናት። እትዬ ተጂቱ በሙቀቱ ግማሽ ላይ «እኔ ልጄን ነው የምድረው ወይስ እየተቀቀልኩ ነው?» አሉ። ዝማሬ በስዊድንኛ ሳቀች፤ ሳቅ ግን ቋንቋ የለውምና ሁሉም ተከተሏት። በመሃል በሩ ተከፈተ። ሰዓቱን የተሳሳተ ጎረቤት ፎጣ አገልድሞ ቆሟል። በላስቲክ የተጠቀለሉትን እግሮች ተራ በተራ አየ፣ «ይቅርታ» አለ፣ በሩን በቀስታ ዘጋው። በማግስቱ ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ባስቱ ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው። ከሰላምታ ጋር፣ ጎረቤት።»

ላስቲኩ ሲፈታ እትዬ ተጂቱ እልል አሉ። የዝማሬ ጣቶች እንደ ቀይ ሥር ጠልቀው፣ ጫፋቸው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሆነው ወጡ። ልጅቷ እጇን ወደ መብራቱ አነሳች፤ የጥፍር ቀጠሮዋን በስልክ ሰረዘች። «አየሽ? አየሽ?» ይላሉ እናት። ማንም ግን ባዩሽን አላየም። ባዩሽ ቧንቧው ሥር ቆማ ግራ እጇን በሳሙና ታሻለች። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። እጇ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ይቀራል።

ሠርጉ አማረ፤ ባዩሽም የቀላውን እጇን ሳትደብቅ እያጨበጨበች እስክስታ ወረደች። እሑድ ግን በሙዝ ካርቶኖቿ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች።

የጥፍር ቀለም በአሴቶን የሚለቀው ላዩ ላይ የተኛ ስስ ሽፋን ስለሆነ ነው፤ አሴቶኑ ሽፋኑን ያሟሟዋል። እንሶስላ ሽፋን የለውም። ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ጥፍር ደግሞ ደም የማይዞርበት ነገር ስለሆነ የገባበትን ነገር አያወጣም፣ አድጎ እስኪቆረጥ ይዞት ይኖራል። ባዩሽ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም አምስት ጣት ሲኖር አምስት ሙከራ አለ። አውራ ጣቷን በአሴቶን፣ ጠቋሚዋን በሎሚና በጨው፣ መሃል ጣቷን በጥርስ ሳሙና፣ የቀለበት ጣቷን በዚያች በደሚቱ የሚያነጣ ክሬም አሸች። ትንሿን ለምስክር ተወቻት።

አውራ ጣቷ ዱቄት የነካ መሰለ፤ ጥፍሩ ግን ጠርቶ ከበፊቱ ይልቅ ቀላ። ጠቋሚዋ ወደ ብርቱካን ሸሸች። መሃል ጣቷ ቀለሙ ሳይነካ የናና ጠረን አወጣች። የቀለበት ጣቷ ነገር ያስደንቃል፤ በእንሶስላው ዙሪያ ያለው የገዛ ቆዳዋ ነጣ። ክሬሙ እግዜር የሰጣትን ቀለም አነሳ፤ ሥሩ የሰጣትን ግን ሊነካው አልደፈረም።

«ደሚቱ» አለች በስልክ፣ ፍርሃቷን ለአፍታ ረስታ፣ «ይሄንን ብታዪው!»

«ነገ ከሥራ ልትባረሪ ነው፣ አንቺ ጣት ትቆጥሪልኛለሽ!»

ባዩሽ ያን ጊዜ ትዝ አላት። መታጠቢያ ቤቱ፣ በሩ፣ ከውስጥ የሚዞረው ቁልፍ፣ ሁሉም እንደ እንፋሎት ከፊቷ ተነሣ። አለቀሰች፤ እንባዋን በቀኝ እጇ ጠረገች።

ሰኞ ጠዋት እስከ ሸርሆልመን በምድር ባቡር፣ ከዚያ እስከ ሁዲንጌ በአውቶቡስ፣ ግራ እጇን ከኪሷ ሳታወጣ ሄደች። የሥራ ልብሱ ግን እጅጌው አጭር ነው፤ ኪሱም ጠባብ። ቀድመው ያዩት ብሪታ ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? እንዴት ያምራል!» አሉ ጣቷን ይዘው። «እኔም እፈልጋለሁ።»

«ዝም ይበሉልኝ፣ እባክዎ። ጉኒላ ትሰማለች።»

ጉኒላ ሰምታለች፤ በሩ ላይ ነበረች። ቢሮ ገብተው ተቀመጡ።

«እጅሽን ማየት እችላለሁ? ሌላኛውን።»

ባዩሽ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«የጥፍር ቀለም ነው?»

«አይደለም። የጥፍር ቀለም ላዩ ላይ ይቀመጣል። ይሄ ውስጡ ነው።»

«ይለቃል?»

«አይለቅም። ሞክሬዋለሁ።»

«ጣቶቹ ለምን የተለያዩ ሆኑ?»

ይህን ጥያቄ ለባዩሽ መጠየቅ ማለት በር መክፈት ማለት ነው። ስለ አሴቶኑ ነገረቻት፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ትንሿ ጣት ለምን እንደተተወች። ልትሰናበት የመጣች መሆኗን ዘንግታ ጣቷን እየቆጠረች አስረዳች። ጉኒላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አስደሳች ነው» አለች። ስዊድን አገር የኖረ ሰው ያውቃል፤ አለቃ «አስደሳች ነው» ካለ ጉዳዩ ወደ ስብሰባ እየሄደ ነው።

ስብሰባው በማግስቱ ተደረገ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የባዩሽ እጅ ባዶ ነው ወይስ የሆነ ነገር ለብሷል? ሁሉም በየተራ ምን እንደተሰማው ተናገረ። አንዷ ከንቅሳት ጋር ይመሳሰላል፣ ንቅሳት ደግሞ አልተከለከለም አለች። ሌላዋ ለሷ ጥሩ ስሜት እንዳልሰጣት፣ ግን የባዩሽን ባህል እንደምታከብር፣ ይህን ማለቷም እንዳላስከፋ ተስፋ እንደምታደርግ ተናገረች። የንጽሕና ጉዳይ የሚመለከታት ነርስ ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበች። ደንቡ ስለ ቀለም ይናገራል፤ ስለ ሥር አይናገርም። የበላይ አካል መጠየቅ አለበት፤ ግን ነርሷ ከሳምንት በኋላ ሴሜስተር፣ ማለትም የዓመት ፈቃድ ትወጣለች፣ የምትጠይቃቸውም እንዲሁ። ነሐሴ ላይ ይመለሳሉ።

«እንግዲህ» አለች ጉኒላ፣ ሁሉም የተስማሙበት መሆኑን ዓይን ለዓይን ካየች በኋላ፣ «ስለ ባዩሽ ቅጥር፣ ቀለሙ ሲጠፋ እንወስናለን። እስከዚያ ምግብና ቁስል አትነካም። ፀጉር ትሠራለች፣ አዛውንቶቹን ይዛ ትዘዋወራለች።»

ባዩሽ ይህን እንደ ቅጣት ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። እዚያ የሚሠራው ሕሩይ ያገሯ ልጅ ነው፤ የፋኬት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተጠሪም ነው።

«ቀለሙ ቶሎ እንዲጠፋ ምን ላድርግ?» አለችው።

ሕሩይ ድስቱን አስቀመጠ። «የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሐምሌ ውስጥ።»

«ከዚያ በፊት ‹አትቀጥይም› ያለሽ ሰው አለ?»

«የለም። ቀለሙ ሲጠፋ ነው ያሉት።»

«አንቺ ሴት፣ ስሚኝ። ጊዜው እስኪያልቅ ማንም አትቀጥይም ካላለሽ፣ በሕጉ በዚያው ቋሚ ነሽ። ሐምሌ ላይ ደግሞ በዚህ አገር ማንም ምንም አይልም፤ ሁሉም ደሴት ላይ ነው። ቀለሙ ይቆይ። በእግዚአብሔር፣ ያቺን እጅሽን ምንም አትሞክሪባት!»

ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ለባዩሽ ተሰጥቷት አያውቅም። ሰኔ ገባ። ደሚቱ ጥፍር በፍጥነት የሚያሳድግ አዲስ ዘይት ይዛ መጣች፤ ባዩሽ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ ፊንላንድኛው አነበበች፣ ጠርሙሱን ጨበጠች፣ መለሰችላት። ሎሚ ስትጨምቅ በቀኝ እጇ ጨመቀች። ጥፍሯ ከሥሩ እየነጣ ሲወጣ፣ ወትሮ የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚያይ ሰው በመደነቅ የምታየውን ነገር፣ አሁን በጭንቀት አየችው። ሰሙ እንደማያልቅ ጧፍ ቢሆንልኝ አለች።

ለሞካሪነቷ መላወሻ ያገኘችው በብሪታ ነው። አሮጊቷ በየጠዋቱ ቢጎዲናቸው እየተጠቀለለ ይለምኗታል። «ደንቡ ለሠራተኛ ነው፤ እኔ ሠራተኛ አይደለሁም። በዚህ ዕድሜዬ ጥፍሬን ማን ይቆጣጠረዋል?» ባዩሽ ደንቡን አነበበች፤ እውነት ነው። ከሠርግ የተረፈውን እንሶስላ አመጣች፣ በብሪታ ክንድ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ አሳድራ አየች፣ እንዳላሳከካቸው ካረጋገጠች በኋላ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ጠቀለለችላቸው።

«ግራውስ?» አሉ ብሪታ።

«እሱ ምስክር ነው።»

ሐምሌ ጸጥ ብሎ አለፈ። የባዩሽ ግራ እጅና የብሪታ ቀኝ እጅ ተያይዘው በግቢው ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የአንድ ሙሽራ እጆች ይመስሉ ነበር። ከብሪታ ጋር አንድ ገበታ የሚቀመጡት አሮጊቶችም ቅናት ያዛቸው።

ነሐሴ ላይ ጉኒላ ከደሴቷ ተጋግራ፣ በእውነተኛ ፀሐይ ተጋግራ ተመለሰች። መመገቢያ አዳራሹ ስትገባ ቀኝ እጃቸው የቀላ አሮጊቶች በአንድ ገበታ ዙሪያ ሾርባ ይጠጣሉ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ባዩሽን ቢሮ ጠራቻት፤ ሕሩይም ሳይጠራ ገባ።

«ቀለሙስ?» አለች ጉኒላ።

ባዩሽ እጇን ዘረጋች። በየጥፍሩ ጫፍ ላይ የክር ውፍረት የሚያህል ቀይ ቀርቷል።

«ሊጠፋ ነው» አለች ጉኒላ። «ጥሩ። እንግዲህ መወሰን እንችላለን።»

«የሙከራ ጊዜዋ ሐምሌ ላይ አልቋል» አለ ሕሩይ፣ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባዩሽ ቋሚ ናት።»

ጉኒላ የቀን መቁጠሪያውን አየች። ግድግዳው ላይ ያለው አሁንም ሰኔን ያሳያል። ፊቷ ላይ የመጣው ቁጣ ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ ማንም ሳይከፋ፣ ማንም እጁን ሳያወጣ፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ተወስኗል። «እንኳን ደስ አለሽ» አለች። «ግን ባዩሽ፣ ሁለተኛ ባላይ ደስ ይለኛል።»

ባዩሽ በመኸሩ ብሬዴንግ ውስጥ፣ ከእትዬ ተጂቱ ፎቅ ሁለት ፎቅ አልፎ፣ በስሟ ውል ፈርማ ገባች። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ አልጋውም ገና አልተገጠመም። መታጠቢያ ቤቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ሞላ። መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ ደረደረች፣ ካርቶኖቹን አራገፈች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ግማሽ ፊቷን ተቀባች፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪደርቅ ትጠብቅ ጀመር። ማንም «ገና ነሽ?» አላለም።

ገና ሳይደርቅ የውጭው በር ተንኳኳ። እትዬ ተጂቱ ናቸው፤ ቤት ለእንቦሳ ሊሏት ዳቦ ይዘዋል፣ ከዳቦው በታች ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ዝማሬ ገዝታልኝ ነው» አሉ ፌስታሉን እያሻሹ። «የፊት መሸብሸብ ያጠፋል ይላሉ። እኔ እንኳ አላምነውም። ብቻ እስኪ ሞክሪው ብዬ... ቤት እንዳልተወው ደግሞ ዝማሬ ባሏን ይዛ ስትመጣ መታጠቢያ ቤቱን ትሞላብኛለች፣ የማስቀምጥበት አጣሁ።»

ባዩሽ አንደኛው ጉንጯ ነጭ እንደሆነ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተችላቸው። እትዬ ተጂቱ መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች አዩ። ባዩሽ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ጠባቧን አራገፈችና አሳየቻቸው።

«ይቺ የእርስዎ ናት፣ እትዬ» አለች። «የሚንጠባጠብ ጠርሙስ ብቻ አልወድም።»